ቀዩን ትተን ነጯን የገዛን ጊዜ

ቀዩ መኪና ሰው ገድሏል ብዬ ያወራሁት ገበያ ላይ አይደለም። ጸሎት ላይ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቶች ጸሎት ላይ። በቤተ ክርስቲያናችን ሐሜት ክልክል ነው፤ የጸሎት ርዕስ ማቅረብ ግን ክልክል አይደለም። አንዲት ሴት ተነሥታ «እህቶቼ፣ ስለዚህ ነገር ጸልዩልኝ» ካለች የሚያስቆማት የለም። ሁሉም ጆሮውን ይሰጣታል፣ መጨረሻው ላይ አሜን ይባላል፣ ከዚያ ወሬው ወደየቤቱ ይሄዳል።

እኔም ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩና «እህቶቼ፣ ልጄ መኪና ልትገዛ ነው። ሁለት መኪና አለ። አንደኛው ደም አለበት፣ ሰው ገድሏል። ጌታ እንዲለይልን ጸልዩልኝ» አልኩ። የማን መኪና እንደሆነ አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገኝም። መኪና ለመሸጥ የምትፈልግ መበለት በመካከላችን አንዲት ብቻ ነበረች፣ ከእኔ ሦስት ወንበር አልፋ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ግን ሁሉም አንገታቸውን ወደ እሷ ሲያዞሩ አየሁ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም ነበርና።

ከመጀመሪያው ልነሣ።

ልጄ አንድ ናት። እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መስኖ ተምራለች፣ ውኃን ወደ ማሳ እንዴት እንደሚመሩት። ጨርሳ ሦስት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያሉት ገበሬዎች ውኃ መምራትን ከአባቶቻቸው ተምረዋል፤ እሷን የፈለጋት አልነበረም። ጎረቤቶቻችን «ዲግሪሽን ግድግዳ ላይ ስቀይው እንጂ፣ ዝንብ እንኳ ይረፍበት» ይሏት ነበር። እየሳቁ ነው የሚሏት። እሷም አብራቸው ትስቃለች፣ ከዚያ ጓዳ ትገባና በሩን ትዘጋለች።

በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ላይኛው ከተማ ሴቻ የሚኖሩ፣ ገጠር ላንቴ ወርደው የሚያስተምሩ አራት መምህራን «ጠዋት አድርሰሽ ማታ መልሺን፣ በየወሩ እንከፍልሻለን፣ አንቺ ብቻ መኪና አግኚ» አሏት። አባቷ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሸምኖ ያጠራቀመውን ላከልንና «እኔ መኪና የማውቀው ከተሳፋሪ ወንበር ነው፣ እናንተው ምረጡ» አለ በስልክ። ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ልጄ ሕፃን እያለች፣ ስትተኛ አፍንጫዋ ሥር መስተዋት እይዝ ነበር፣ ትንፋሿን ለማየት። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መስተዋቱን ትቻለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ እኔ ያችን አንድ ዓይኔን የሙዝ መኪና እየተጋፋ በሚሄድበት መንገድ ላይ ልለቃት ነበር። መኪና አይደለም የመረጥኩት፣ ልጄ ምን ውስጥ ሆና ማታ ወደ ቤት እንደምትመጣ ነው።

ቀዩ የመበለቲቱ ነው። ባሏን ስኳር በሽታ ከገደለው ዓመት አልሞላም ነበር፤ መኪናው ሴቻ በራቸው ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣ ነበር። ነጯ ታችኛው ከተማ ሲቀላ፣ መኪና እየገዛ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ነበረች። ገና ባየኝ ቀን «እናቴ» አለኝ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም።

እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ስለ ሞተር የሚጽፍ ሰው አይደለሁም። ግን ሁለቱን መኪኖች የሠራቸው ሰው እንኳ እንደ እኔ አላሰባቸውም። ቀዩ በዕድሜ ከልጄ ይበልጣል። ሞተሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ባለ አምስት። መስኮቱ እየተጠመዘዘ ነው የሚወርደው፣ ማቀዝቀዣ የለውም፣ የወንበሩ ቆዳ ተልጦ ስፖንጁ ወጥቷል። ነጯ በአሥር ዓመት ታንሳለች። ሞተሯ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ማርሿ አውቶማቲክ፣ ማቀዝቀዣዋ ክረምት የሆነ ያህል ያንቀጠቅጣል፣ መስኮቷ በጣት ይወርዳል። ቀዩ በአንድ ሊትር ቤንዚን አሥር ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነጯ አሥራ አምስት ትሄዳለች አለኝ ሰውዬው። «ነዳጅ አትጠጣም እናቴ፣ ታሸተዋለች እንጂ።» ቤንዚን መጣ ሲባል ሰው ጀሪካን ይዞ በሚሮጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ያረጀ መካኒክ አለ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አፉ መራራ ነው። «ሜዳ ላይማ አህያም ትሮጣለች» አለ። «ከላንቴ ወደ ኦቾሎ ዳገቱን እናውጣቸው፣ ከዚያ ይነግሩናል።»

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ቀዩን ወሰድን። መበለቲቱ አልመጣችም፣ ቁልፉን ለልጄ ሰጠቻትና «ጠዋት ጠዋት ያስለዋል፣ አትቆጡት፣ ትንሽ ታገሡት» አለች። ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ባሏ የምታወራ ነበር የሚመስለው። እኔ በሆዴ ሳቅሁባት።

ቀዩ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዘው። ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴን አንገጫገጨኝ፤ ግን አልቆመም። መካኒኩ በየመጠምዘዣው የሙቀቱን ጌጅ በጣቱ ያሳየናል፤ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። ላይ ደርሰን ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘና በጨርቅ ጠርጎ አየው፣ አሸተተው። «ይኼ ሽማግሌ ዘይት አይበላም» አለ። ስንወርድ ልጄ ነዳች። «ሁለተኛ ላይ ተይው፣ እግርሽን ፍሬን ላይ አትጣጂ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል» አላት። እንዳለውም ያዘው። ሐይቁን ከፊታችን እያየን ቀስ እያልን ወረድን። ልጄ ፊቷ በርቶ ነበር። ከተመረቀች ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ላንቴ ስንደርስ ሙዝ ልንገዛ ቆምን። ሙዝ የምትሸጠው አንዲት ሴትዮ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል፣ ሙዙን ትታ መኪናውን አየችው። ዞረችው። የኋላውን በር በእጇ ነካችና «አውቀዋለሁ፣ ውስጡ ሰው ሞቷል» አለች።

 ልጄና መካኒኩ ማዶ ጎማ እያዩ ነበር፣ አልሰሙም። እንዴት ሞተ? ማን? ብዬ ብጠይቃት ሴትዮዋ ትነግረኝ ነበር፣ ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። እኔ ሙዜን አንሥቼ መኪና ውስጥ ገባሁ። አያቶቻችን ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ አንዱ ያጠፋው ጥፋት ዞሮ ዞሮ ልጅ ላይ ይወድቃል፣ ደም ካለበት ደግሞ የባሰ ነው ይላሉ። እኛ ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ጎሜ አናምንም። ልጅ ሲታመም ግን «ማን ምን አጥፍቶ ነው?» ብለን በሹክሹክታ እንጠያየቃለን፤ ከዚያ እንጸልያለን። ያን ቀን እስከ ሴቻ ድረስ ወንበሩን እንዳልነካ ወገቤን ቀጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ነጯን አወጣናት። ሰውዬው አብሮን መጣ። እኔን ከፊት አስቀመጠኝ። ቀበቶውን ስስበው ከመሀሉ ስፌት አየሁ። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ተመልሶ የተሰፋ ነው፤ ጠንካራ ክር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ መስመር። የሸማኔ ሚስት ነኝ፣ ጥሩ ስፌት ሳይ ዝም ማለት አልችልም። «ይኼን የሰፋ እጅ ይባረክ!» አልኩ። «እንዲህ ዕቃውን የሚጠብቅ ሰው ነው የነዳት ማለት ነው።»

«አየሽ እናቴ» አለ ሰውዬው ከኋላ። «አንቺ ነገር ይገባሻል።»

ነጯ ሜዳውን እንደ ቅቤ ሄደች። ዳገቱ ሲጀምር ጉልበቷ ጠፋ። ማቀዝቀዣውን አጠፋን። ግማሽ ላይ የሙቀቱ ጌጅ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሰውዬው «ጌጁ ነው የሚዋሸው» አለ። ድንጋይ ሆዷን ሲመታት እንደ ባዶ በርሜል ትጮኻለች። ስንወርድ ሞተሯ አይይዛትም፣ ትንሸራተታለች፣ ልጄ ፍሬኑን እንደረገጠች ቀረች፤ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ መጣ። «እግርሽን አንሺ! የፍሬኑ ሸራ ነደደ!» ብሎ መካኒኩ ጮኸ። አቁመን እስኪበርድ ጠበቅን።

ይኼን ሁሉ አይቻለሁ። አላየሁም አልልም። ግን ያን ሰዓት ነጯ እንድታሸንፍልኝ ፈልጌ ነበር፤ ስለዚህ ሽታውን ረስቼ ስፌቱን አስታወስኩ።

መካኒኩ ሰውዬውን ከሸኘን በኋላ ፈረደ። «ቀዩን ውሰጂ። አስቀያሚ ነው፣ ጤነኛ ነው። ነጯን ከወደድሽ ደግሞ የጋራዤ ጉድጓድ ላይ አቁሜ ሥሯን ሳላይ ቁልፍ እንዳትቀበይ።» ሰውዬው ግን ሌላ ገዢ አለኝ፣ እስከ ዓርብ ነው የማቆይላችሁ አለ።

ቤት ስንገባ ልጄ «እማ፣ ቀዩ ነው» አለች።

«ቀዩ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሰው ገድሏል።»

«ማን አለ?»

«ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው? ሞተሩን አየሽ፣ ፍሬኑን አየሽ...»

«ሬሳ ላይ ተቀምጠሽ ልትነጂ ከሆነ ንጂ» አልኳት። «እኔን ግን ከዛሬ ጀምሮ እናቴ አትበይኝ።»

ሴትዮዋ «ሞቷል» ነው ያለችው። «ገድሏል» ያልኩት እኔ ነኝ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አውቀዋለሁ፣ ለዚያ አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም። «ሞቷል» ልጄን እንደማያስተዋት ስላወቅሁ ነው የጨመርኩት። ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ደግሞ እኔም ራሴ አመንኩት። ልጄ አሁንም ስታመነታ፣ ረቡዕ ጸሎት ላይ ተነሣሁ።

መበለቲቱ እስከ አሜን ድረስ ተቀመጠች። ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«እህቴ፣ ቀዩን ነው ያልሽው?»

«እኔ ስም አልጠራሁም» አልኳት።

«አልጠራሽም» አለች።  እያለፉ የነበሩት ሴቶች ሰላም ሳይሏት አለፉ፤ ባለፈው ሳምንት እጇን ይዘው «ጌታ ያጽናናሽ» ሲሏት የነበሩት ናቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ አለቀላት። ልይ ብሎ ቀጠሮ የያዘው አንድ ነጋዴ ቀረ። ልጆች በኋላው መስታወት አቧራ ላይ በጣታቸው «ገዳይ» ብለው ጻፉበት። አንዷ ጎረቤቷ መኪናው ከደጄ ፊት ይነሣልኝ፣ ልጆች አሉኝ አለቻት። እኔ ይኼን ሁሉ ስሰማ «ውይ፣ ምስኪን» እል ነበር። እያልኩም ቡና ቁርሴን እበላ ነበር።

ነጯን ዓርብ ገዛናት። ጉድጓድ ላይ አላወጣናትም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መጥተው ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ ልጄ ዓይኗን ሳትጨፍን ቆማ ነበር።

ሁለት ወር ደህና ነበር። ልጄ ጠዋት አራቱን መምህራን ጭና ትወርዳለች፣ ማታ ትመልሳቸዋለች፣ እኔ ደጅ ላይ እየፈተልኩ ድምፁን እጠብቃለሁ። አንድ እሑድ ከጸሎት ስንመለስ መበለቲቱን ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ አገኘናት፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። እኛ መስኮት ዘግተን ማቀዝቀዣ ከፍተናል።

«አታቁሚ» አልኩ።

ልጄ አቆመች። መስኮቱን አወረደችና «እትዬ፣ ግቡ» አለቻት።

መበለቲቱ ጎንበስ ብላ ልጄን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። «የኔ ልጅ፣ በእግሬ ይሻለኛል» አለች። «ከገባሁ እናትሽ የጸሎት ርዕስ ታጣለች።»

ልጄ ማቀዝቀዣውን አጥፍታ፣ መስኮቱን እንደተከፈተ ትታ እስከ ቤት ነዳች።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ልጄ «መሪውን ለቀቅ ካደረግሁት ወደ ግራ ትሄዳለች» ማለት ጀመረች። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ይበላል። ጎማ ቀየርን፣ ያው ሆነ። መካኒኩ ጉድጓዱ ላይ አቆማት፣ ባትሪ ይዞ ገባ፣ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እኔን ነው የጠራኝ። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው፣ ግቢና እያት።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ባትሪውን አበራልኝ። ከበር እስከ በር፣ ወለሏን አቋርጦ የሚሄድ የብየዳ መስመር አለ። ላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ግን ዝናቡና ድንጋዩ ልጦታል፤ ዝገቱ ይፈሳል። በቀዶ ሕክምና የተሰፋ ሆድ ይመስላል።

«ይቺ አንድ መኪና አይደለችም» አለ። «ሁለት ናት። ፊቷ ከአንድ ግጭት የተረፈ ነው፣ ኋላዋ ከሌላ ግጭት። ቆርጠው ገጥመዋታል። ለዚያ ነው ቀጥ ብላ የማትሄደው፤ ግማሿ ሌላ ቦታ መሄድ ትፈልጋለች።»

«ሰው ሞቶባታል ወይ ጋሼ?»

«እኔ መኪና ነው የምመረምረው፣ ሬሳ አልመረምርም።» ከጉድጓዱ ወጥተን የፊቱን በር ከፈተ። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ስፌቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይኼስ? ቀበቶ በቢላ የሚቆረጠው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ፈትቶ መውጣት ሲያቅተው ነው።»

ልጄ ከኋላዬ ነበረች። «እማ» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «የሰፋው እጅ ይባረክ ብለሽ ነበር።»

የሸጠልን ሰውዬ ስልኩን አላነሣም። ሲቀላ የነበረበት ቦታ ሄድን፤ «እሱማ ወደ ሶዶ ወጥቷል» አሉን እየሳቁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ልጄ መኪናዋን በር ላይ አቆመችና «ግቢ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«እንደገና ልንፈትናት ነው። ያን ቀን ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ነበር።» ጎትታ ከፊት አስቀመጠችኝ። ቀበቶውን ራሷ አሰረችልኝ፣ ስፌቱ ልክ ሆዴ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ። «ጥሩ ስፌት ነው» አለች። «አይላቀቅም፣ አትፍሪ።»

ላንቴን አልፈን ወደ ኦቾሎ ዞርን። ከመኪናዋ ድምፅ በላይ ይሰማኝ የነበረው የእኔ ትንፋሽ ነው። በየመጠምዘዣው ትጠይቀኛለች። «ጌጁ የት ደረሰ? አንብቢልኝ።» «የሚያንኳኳው ከየት ነው? ከፊተኛው ሟች ወገን ነው ወይስ ከኋለኛው?» «እማ፣ የትኛው ግማሽ ላይ ነው የተቀመጥነው?»

«ልጄ፣ በጌታ፣ መልሺኝ።»

«እኔ በየቀኑ አራት ሰው ጭኜ ነው የምሄደው። አንቺ አንድ ቀን ነው።»

በፍጥነት ብትነዳ ይሻለኝ ነበር። በጣም ቀስ ብላ፣ በጣም በጥንቃቄ ነበር የምትነዳው። ስንወርድ ያው የፀጉር ሽታ መጣ። ጮኽኩ። ሱሪዋን ይዤ አለቀስኩ። ዳር አቁማ ፍሬኑ እስኪበርድ እያየችኝ ተቀመጠች፤ የእኔን ለቅሶ ልክ እንደ ሙቀቱ ጌጅ ነበር የምታየው፣ እስኪወርድ እየጠበቀች።

ላንቴ ስንደርስ ሙዝ ሻጯ ያው ቦታዋ ላይ ነበረች። ልጄ ሁሉን ነገር አታውቅም ነበር፤ ወሬውን ከየት እንደሰማሁ ግን መንገድ ላይ በመጨረሻ ከአፌ አውጥታው ነበር። «ጠይቂያት» አለች።

«እህቴ» አልኳት ሴትዮዋን በመስኮት፣ «የዛን ጊዜ ቀይ መኪና ይዘን ስንመጣ፣ ውስጡ ሰው ሞቷል ያልሽኝ...»

«የልጄ ሚስት» አለች። «ምጥ ይዟት ባለ መኪናው ከላይ ከኦቾሎ አወረዳት፣ ሌላ ማንም እሺ አላለም፣ ደሙን ፈርተው። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፈች። ሕፃኑ ተርፏል።» ሙዙን መቁጠር ቀጠለች። «ሰውዬው ወንበሩን ራሱ አጥቦ ሦስት ቀን ለቅሶ ላይ ተቀመጠልን። ያን ጊዜ ልነግርሽ ነበር፣ አንቺ ትሮጫለሽ። ቆይ፣ ለምን ሮጥሽ?»

 ልጄ ሞተሩን አስነሣች።

በቀጥታ ወደ መበለቲቱ ቤት ሄድን። ነጯን መልሰን ሸጠን ቀዩን እንግዛው የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ እግሯ ላይም እወድቃለሁ ብዬ ነበር። ግቢው ተከፍቷል። ቀዩ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎማ የለውም፣ በር የለውም፣ ሞተሩ ወጥቶ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ሁለት ሰዎች መሪውን እየፈቱ ነበር።

መበለቲቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። «ሙሉውን የሚገዛው ጠፋ» አለች። «ገዳይ ነው አሉ። ለመለዋወጫ ሲሆን ግን ይገዛል። ፍሬኑን ማንም አልፈራውም።»

«እህቴ፣ እኔ...»

«ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲህ ጥሩ» አለች፣ ዓይኗንም ወደ ሰዎቹ መለሰች።

ረቡዕ ልጄ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወረደችኝ። «ተነሥተሽ ትናገሪያለሽ» አለች። «ካልተናገርሽ ቤት አታገኚኝም።» ይኼን ስትል ፊቷን አላዞረችም።

ተነሣሁ። ነጠላዬን ማስተካከል አቃተኝ። «ስለ አንድ መኪና ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ። «መኪናው ማንንም አልገደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ነው የጫነው። እኔ ነኝ የጨመርኩበት። የእኔ ልጅ ናት ሁለት የተጋጨ መኪና ተበይዶ የተሠራውን የምትነዳው።» ድንገት ነው የመጨረሻው ያመለጠኝ፤ ማዘናቸውን ፈልጌ መሰለኝ።

ማንም አላዘነም። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። መሪያችን «ለእህታችን እንጸልይላት፣ ማን ይጸልያል?» አለች።

«እኔ» አለች መበለቲቱ።

ጥሩ ድምፅ አላት። የልጄን ስም ጠርታ ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ ከሁለት ሬሳ ላይ በተነሣ ብረት ውስጥ ለምትሄደው ልጅ። አብረዋት ለሚሳፈሩት ለአራቱ መምህራን፣ ለልጆቻቸው እናቶችና አባቶች ናቸውና። ያ ብየዳ የሚለቅበትን ቀን አንተ ታውቃለህ፤ ያን ቀን አርቀው።» አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ሁሉም አሜን አሉ። ከመምህራኑ የአንዱ ሚስት ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበረች።

ሰኞ ሁለቱ መምህራን «በባጃጅ መሄድ ጀምረናል» አሉ። በሳምንቱ ሦስተኛዋ ቀረች። አራተኛው አፍሮ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እሱም ቀረ። ነጯን ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው በሩን ሳይከፍት ሥሯን አየና ሄደ፤ ታሪኳን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ሰው የማይሳፈርበት መኪና ዕቃ ይጭናል። ልጄ አሁን ከኦቾሎ ድንችና ጋቢ እያወረደች ነው የምትሠራው። በየቀኑ። ላንቴ ሜዳው ላይ ስትሄድ የፈራሁላትን ልጅ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጣልኳት። መካኒኩ የፍሬን ሸራውን ቀይሮላታል፣ ብየዳውን በሌላ ብረት ደግፎታል፣ የተሰፋውንም ቀበቶ አውጥቶ የቀዩን ቀበቶ ገጥሞላታል። «ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም» አለኝ። «ዝናብ ሲሆን አትውጣ በያት።» እላታለሁ። ትወጣለች።

መበለቲቱ አሁንም በየረቡዑ ትነሣለች፣ «የጸሎት ርዕስ አለኝ» ትላለች፣ የልጄን ስም ትጠራለች። ስለ ብየዳው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኦቾሎ መጠምዘዣ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ይቅርታዋ ይሁን በቀሏ መለየት አልቻልኩም። ያን ሰዓት ልጄ የት መጠምዘዣ ላይ እንደሆነች እያሰላሁ እቆማለሁ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሜን እላለሁ።